ቅዳሜ፣ 1/1/2011

እናቴ በደወለች ቁጥር «አሁን የት ሰፈር ነህ?» ትለኛለች።

«ሃያ ስድስት ጁን» እላታለሁ።

«ልጄ፣ ቀኑን አልጠየቅኩህም!»

ሰፈሩ ነው እኮ። ሐርጌሳ ውስጥ ካሉት ክፍለ ከተሞች የአንዱ ስም ቀን ነው። በፈረንጆቹ 1960፣ ጁን 26፣ እንግሊዝ የያዘችው ሶማሊላንድ ነጻ የወጣችበት ዕለት፤ በእኛ ሰኔ 19 ቀን 1952 መሆኑ ነው። ነጻነቷን ለብቻዋ ያጣጣመችው አምስት ቀን ብቻ ነበር፤ ጁላይ 1 ላይ ጣሊያን ሲያስተዳድረው ከነበረው ደቡብ ጋር ተዋሐደች። አምስት ቀን ማለት እንግዲህ አንድ ጳጉሜን ነው። በፈረንጆቹ 1991 ውሕደቱ ይቅርብኝ ብላ የወጣችበት ሌላ ቀን አለ፤ እሱም ይከበራል።

ይህን ሁሉ አስረድቻት አልገባ ሲላት፣ «አዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል የለም እንዴ? እንደዚያ በይው» አልኳት። ያን ጊዜ ተዋጠላት። ትንሽ ቆይታ ግን «ታዲያ ምናለ ሰኔ 19 ቢሉት?» አለችኝ። ለእሷ ዓለም ሁሉ ቀኑን አሳስቶ የሚቆጥር፣ እኛ ብቻ በልክ የምንቆጥር ነን። እኔም ከዚያች ሴት ማሕፀን ነው የወጣሁት። የላፕቶፔ ነገር ሲነገር ይህ አይረሳ።

እዚህ የመጣሁት በግንባታ ሥራ ነው። ግንብ አልገነባም፣ አልለስንም፤ የእኔ ድርሻ ወረቀቱ ነው፤ ቴክ ኦፍ (የሥራ መጠን ስሌት) እሠራለሁ፣ ፔሮል አዘጋጃለሁ። ሐርጌሳ ውስጥ አንድ ፎቅ ሲወጣ ባየህ ቁጥር እንጨቱ ላይ ተንጠልጥሎ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ የሚያንጎራጉር የእኛ ልጅ አታጣም። እነዚህ ልጆች ቀናቸውን የሚቆጥሩት በመስከረምና በጥቅምት ነው፤ አሠሪው በሴፕቴምበርና በኦክቶበር። ስለዚህ ፔሮሌ ሁለት የቀን ዓምድ አለው። ኤክሴል የፈረንጁን ያለ ችግር ይቀበላል፤ የእኛን ደግሞ ጳጉሜን እስኪገባ በአብዛኛው ይታገሳል። አሥራ ሦስተኛ ወር ስትጽፍለት አንዴ ዝም ብሎ እንደ ተራ ጽሑፍ ወደ ግራ ይገፋዋል፣ አንዴ ደግሞ ብልጥ የሆነ መስሎት 13ን ቀን አድርጎ ሜይ ውስጥ ይወሽቀዋል። በአንድ ጳጉሜን የሠራ ለሳኝ በሜይ ደመወዝ ጠይቆኝ ያውቃል።

ላፕቶፑ ያገለገለ ነው፤ መርካቶ የገዛሁት፣ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ቢወድቅ ወለሉን የሚሰብር ዓይነት። በፈረንጆቹ 2011 የተሠራ ነው። በጅግጅጋ አድርጎ፣ ቶግ ወጃሌን ተሻግሮ፣ በልብስ ተጠቅልሎ አብሮኝ መጣ። ትልቁ ባትሪው ገና አገር ቤት ሳለ ሞቷል፤ ገመዱ ከግድግዳ በተነቀለ ቁጥር ደህና ሁን እንኳ ሳይል ድርግም ይላል። ገመዱ ደግሞ የእኛ ነው፤ ሁለት ክብ እግር። የሐርጌሳ ሶኬት የእንግሊዞች ውርስ ነው፤ ሦስት አራት ማዕዘን ቀዳዳ። የላይኛው ቀዳዳ ውስጥ የሆነ ነገር ካልገባ የታችኞቹ ሁለቱ አይከፈቱም። ማቀያየሪያዋ በትንሽ ገንዘብ ትገኛለች፤ እኔ ግን ብልህ ነኝ፤ የላይኛው ቀዳዳ ላይ የእስክሪብቶ ክዳን ወትፌ ሁለቱን ክብ እግር በጉልበት አስገባኋቸው። ሁለት ዓመት ሠራ። ይህችን የእስክሪብቶ ክዳን ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

እንቁጣጣሽ ዋለ። የእኛ 2011፣ ዘመነ ሉቃስ፤ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2018፣ ማክሰኞ። ሐርጌሳ እንቁጣጣሽን አታውቀውም፤ ሥራ ነው። ሐሙስ ደመወዝ ስለነበረ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ተነሥቼ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጻፈልኝ፤ ቀንና ሰዓት አልተሞላም፣ ለመቀጠል ኤፍ1ን፣ ለማስተካከል ኤፍ2ን ተጫን ይላል። ኤፍ2ን ተጫንኩ። ከመስኮቱ አንዱ ጥግ ላይ እንዲህ ይላል፦ ወር 1፣ ቀን 1፣ ዓመት 2011፣ ሰዓት 12።

ፍርዱን ለእናንተ ልተው። አንድ ኢትዮጵያዊ በመስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ 1/1/2011፣ 12:00 የሚል ሰሌዳ ሲያይ ምን ያስባል? እኔማ ደስ አለኝ። «በስተመጨረሻ ስለ እኛም ያሰበ ሰው ተገኘ» አልኩ። አፌን ሞልቼም «እንኳን አብሮ አደረሰን» አልኩት። ከጎኑ ቅዳሜ የሚል ነበር፤ ያን ዕለት ማክሰኞ ነው። ይህችን ግን አለፍኳት። በበዓል ማለዳ ቀኑ ማን እንደሆነ እኔም ይጠፋኛል።

ምንም ሳልነካ ወጣሁ። የዊንዶውስ 7 አራቱ ቀለማት ብቅ አሉ፤ መብረቅ የመሰለ ሰማያዊ ሰሌዳ ብልጭ ብሎ ጠፋ፤ ራሱን አጥፍቶ እንደገና ተነሣ። አራቱ ቀለማት፣ ሰማያዊ ብልጭታ፣ መጥፋት፣ መነሣት። ልጠግነው ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ ጠግን አልኩት። ብዙ አሰበ፤ ከዚያ ልጠግነው አልቻልኩም አለ። ያልቻለውን ነገር እንዲህ በግልጽ የሚናገር ባለሙያ ብርቅ ስለሆነ አከበርኩት፤ ግን ችግሩ ያው ነው።

ታቅፌው እትዬ ቤት ሄድኩ። እትዬ ወሎዬ ናት፤ ቡናዋን የሰፈሩ ሐበሻ ሁሉ ይጠጣዋል። የዚያን ዕለት ቤቱ ጢም ብሏል፤ ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ ቴሌቪዥኑ ሰቅሏል። የኢትዮጵያና የኤርትራ ድንበር በዛላምበሳና በቡሬ የተከፈተው በዚያ ማለዳ ነው። ሃያ ዓመት ሲዘጋጉ የኖሩ ሰዎች እየተቃቀፉ ያለቅሳሉ፤ እኔ በር ላይ ላፕቶፕ ታቅፌ ቆሜያለሁ። «ምን ሆንክ አንተ ደግሞ?» አለችኝ እትዬ። «አልነሣ አለኝ» አልኳት። ግማሹ ሰው የታመመ ዘመድ መስሎት ዞረ።

አገር ለአገር ቢታረቅም የእኛ ሰው ምክር አይነፍግም። ኤሌክትሪሻኑ «ሾርት ነው፤ ገመዱን ንቀልና የማብሪያውን ቁልፍ 30 ሴኮንድ ያህል ተጫንበት፤ ውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ ይውጣለት» አለኝ። ተጫንኩ፤ ወጣለት መሰለኝ፤ ለውጥ የለም። ለሳኙ «ቫይረስ ነው፤ ባለፈው የዘፈን ፍላሽ ሰክተህበታል» አለ። ፍላሹ የራሱ ነበር። አንድ የሐረር ልጅ ከኋላ ክዳኑን ከፍቶ ራሙን አወጣ፤ ወርቅማ ጥርሶቹን በተማሪ ላጲስ እያሸ አጸዳቸው። ይህ ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ላጲስ እውነትም ዝገቱን ያነሣል፤ ብዙ ማሽን ድኖበታል። የእኔ አልዳነም። እትዬ ማንንም ሳታማክር ዕጣኑን ወደ ላፕቶፑ አስጠጋችው። ማራገቢያው ጢሱን ሳበ፤ እስከ ዛሬ ሲሞቅ ዕጣን ዕጣን ይላል።

ረቡዕ አንድ ሱቅ ወሰድኩት። ወጣቱ ገና ሳይከፍተው «ፎርማት» አለኝ። ምን ሆኖ ነው ብለው «ፎርማት»። እዚህ አገር ጥገና የሚጀምረው እዚያ ነው፤ ማለቴ በዚህም አገር፣ በእኛም አገር። ሴቲንጉ ውስጥ ገብቶ ቀያይሮ፣ ፍላሹን ሰክቶ ዊንዶውስ 10 ሊጭን ሲል ማሽኑ እምቢ አለ። ዲስኩ የተከፋፈለው በአሮጌው ሥርዓት ነው፤ እኔ በአዲሱ አነሣሥ ተነሥቼ በእንዲህ ያለ ዲስክ ላይ አልጫንም ይላል። ወጣቱ አላዘነም። «ዲስኩን በሙሉ አጥፍተን እንጀምራለን» አለ። ምን ይጠፋል አልኩት። «ምንም» አለ፤ «ዳታው ብቻ።»

ዳታው ብቻ! የስምንት ፎቅ ቴክ ኦፍ፣ የአርባ ሰው የሁለት ዓመት ፔሮል፣ በሁለት የቀን አቆጣጠር። ላፕቶፑን ከእጁ የነጠቅኩበትን ፍጥነት ራሴም አላምነውም። ያ ማሽን በአዲሱ ሥርዓት አልጫንም ብሎ ባይገግም ኖሮ እኔ ሳልጠየቅ ሁሉም ነገር ሄዶ ነበር። ግትርነት አንዳንዴ ያድናል።

ሐሙስ ደመወዙን በደብተር ሠራሁ። ላፕቶፑ እንደሞተ ሠራተኛው ሁሉ ሰምቷል። እንደዚያ ቀን የሰው ማስታወስ ሲበረታ አይቼ አላውቅም፤ ሁሉም የሠራውን ቀን ያስታውሳል፣ ያልሠራውንም ያስታውሳል። አንዱ ተሸካሚ ፊቱን ሳያዞር «ጳጉሜን 6 ሙሉ ቀን ሠርቻለሁ» አለኝ። 2010 ዘመነ ማርቆስ ነው፤ ጳጉሜኑ አምስት ነበር። ስድስተኛዋ ቀን ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ገና ትመጣለች። «የዛሬ ዓመት እከፍልሃለሁ» ብዬ ሸኘሁት።

ዓርብ ሱቅ ሁሉ ዝግ ነው። ቅዳሜ የሥራ ሳምንት መጀመሪያ ናት፤ በጠዋት እትዬ የነገረችኝ አንድ ሶማሌ ዘንድ ሄድኩ። ሱቁ ቆርቆሮ ናት፤ ከፊት የስልክ ሽፋን ተሰቅሏል፣ ከኋላ አንድ ጠረጴዛ፣ ብየዳ፣ ቴስተር፣ ቀዝቅዞ የተረሳ የሻይ ብርጭቆ። ሰላምታዬን ሰምቶ በአማርኛ መለሰልኝ። ያደገው በሀርታ ሼክ የስደተኞች መጠለያ ነው። በፈረንጆቹ 1988 ሐርጌሳ በአውሮፕላን ስትደበደብ (አውሮፕላኖቹ የሚነሡት እዚሁ ከሐርጌሳ አየር ማረፊያ ነበር፤ ከአንዱ ሚግ የተሠራ ሐውልት ዛሬ መሀል ከተማ ቆሟል) ሕዝቡ ወደ ጅግጅጋ በኩል ተሰደደ፤ እሱ ታዝሎ ነው የሄደው። መጠለያው በፈረንጆቹ 2004 እስኪዘጋ ድረስ እዚያው ነበር፤ ትምህርቱንም ጅግጅጋ ተምሯል። አማርኛው ጥሩ ነው፤ ብቻ ዕቃን ሁሉ በሴት ነው የሚጠራው።

«ዋላል (ወንድም)፣ መቼ ጀመራት?» አለኝ እንደ ሐኪም።

«ማክሰኞ ጠዋት።»

«ማታውን ገመዷ ተነቅላ ነበር?»

አልተነቀለም ልል ስል ትዝ አለኝ። ሰኞ ሌሊት የእስክሪብቶ ክዳኗ ወድቃ ሶኬቱ ተንጋሎ ነበር ያገኘሁት። ነገርኩት። ሳቀ፤ ክዳኗን ሳይሆን እኔን አይቶ ነው የሳቀው። ከዚያ አብርቶ ኤፍ2ን ተጫነ። ሰሌዳው ያው ነው፦ ቅዳሜ፣ 1/1/2011።

«ይህን አላየህም?»

«አይቻለሁ።»

«እና?»

«ልክ ነዋ» አልኩት።

ለአፍታ ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያ የጅግጅጋ ትምህርት ቤቱ፣ የሰሌዳው ቀን፣ የመስከረሙ አበባ ሁሉ አብረው ትዝ አሉት መሰለኝ፤ ወንበሩን ይዞ ሳቀ። «ዓለም ላይ ያለ ሰው ሁሉ ይህን ሲያይ ሰዓቷ ሞተች ይላል፤ አንተ ሐበሻ ስለሆንክ አዲስ ዓመት ነው አልክ!» አጠገቡ ስልክ ለሚጠግነው ልጅ በሶማልኛ ተረጎመለት። ልጁ ለጎረቤቱ ሱቅ አስተላለፈ። ሳቁ በቆርቆሮዎቹ ሥር እስከ መንገዱ ሲሄድ ሰማሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንዲህ ያለ ላፕቶፕ ከትልቁ ባትሪ ሌላ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ትንሽ ባትሪ በሆዱ ይዟል። ሥራዋ ማሽኑ ሲጠፋ ሰዓቱን መቁጠርና ማሽኑ እንዴት እንደሚነሣ የተሰጠውን ትእዛዝ መያዝ ነው። ትልቁ ባትሪ ወይም የግድግዳው መብራት እስካለ ድረስ እሷ ታርፋለች። የእኔ ትልቁ ባትሪ ሬሳ ነው፤ በዚያች ሌሊት ደግሞ ክዳኗ ወደቀች፤ ሸክሙ ሁሉ በአሮጊቷ ላይ ሆነ፤ አልቻለችም። ሰዓቱ ተመልሶ ወደ ፋብሪካው ቀን ሄደ። ቀኑ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። ትእዛዙም አብሮ ሄደ። ከትእዛዙ አንዱ ዲስኩ የሚነበብበት መንገድ ነው፤ የእኔ ዊንዶውስ የተጫነው ኤኤችሲአይ በሚባለው ነበር፤ ፋብሪካው የለመደው ግን ሬይድ የሚባለውን ነው። ዕቃ ግምጃ ቤት ሙሉ ዕቃ አለህ፤ ሌሊት ዘበኛው ተቀይሯል፤ አዲሱ ዘበኛ የአንተን ቁልፍ አያውቀውም። ዊንዶውስ በሩ ድረስ ይመጣል፣ ያንኳኳል፣ የሚከፍትለት ሲያጣ ፊቱ ሰማያዊ ይሆንና ይወድቃል። ዲስኩ ደህና፣ ራሙ ደህና፣ ፍላሹ ንጹሕ፤ ለሳኙን ይቅርታ መጠየቅ ሊኖርብኝ ነው።

ክዳኑን ፈታ። ባትሪዋ በላስቲክ ተጠቅልላ በሁለት ቀጫጭን ሽቦ ታስራለች። ቴስተሩን አስነካት፤ ሦስት ቮልት ሊኖራት ሲገባ አንድ ተኩል አልሞላችም። አዲሷን ከመሳቢያ አወጣ። ላይዋ ላይ ሲአር 2032 የሚል ተቀርጿል። እኔ ደግሞ ያን ቀን ቁጥር ሁሉ ዓመት ሆኖብኝ፣ «እስከ 2032 ትሠራለች ማለት ነው?» አልኩት፤ በእኛ ወይስ በእናንተ የሚለውን ዋጥኩት። «ዋላል፣ ስፋቷ 20 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቷ 3.2» አለኝ በትዕግሥት። ከዚያ ወዲህ ቁጥር ሳይ ቀስ እላለሁ።

አዛን ሲል መሳቢያውን እንኳ ሳይቆልፍ ወደ መስጊድ ሄደ፤ ልጁም ተከተለው። ሐርጌሳ እንዲህ ናት፤ መንገድ ዳር የሽልንግ ክምር እንደ ብሎኬት ደርድረው የሚመነዝሩት እንኳ ገንዘቡን ጨርቅ አልብሰው ነው የሚሄዱት። እኔ ሆዱ የተከፈተ ላፕቶፕ እየጠበቅኩ ቁጭ አልኩ። አንድ ደንበኛ መጥቶ የስልክ ሽፋን ጠየቀኝ፤ ሸጥኩለት ማለት ይቻላል፤ ዋጋውን እሱ ነገረኝ፣ ገንዘቡን በዛድ (በስልክ) ልኮ መልእክቱን አሳየኝ።

ጠጋኙ ተመለሰ። ሽቦዎቹን አሰረ፣ ክዳኑን ገጠመ፣ አበራ። ሬይዱን ወደ ኤኤችሲአይ መለሰ። ከዚያ ጣቱን ቀኑ ላይ አድርጎ ወደ እኔ ዞረ።

«የእኛን ነው የእናንተን?»

«የእናንተን» አልኩት አንገቴን ደፍቼ።

ሴፕቴምበር 15፣ 2018 ብሎ ሞላ። ማሽኑ የሳምንቱን ቀን ራሱ አስቦ ያወጣል፤ አሰበ፤ ቅዳሜ አለ። ለካ እውነትም ቅዳሜ ነው። አራት ቀን ሙሉ በተነቀለ ቁጥር ወደ ቅዳሜው እየተመለሰ ቅዳሜ፣ ቅዳሜ ሲል የቆየው ሰውዬ በመጨረሻ ቅዳሜዋ ራሷ መጣችለት።

አራቱ ቀለማት መጡ። ትንፋሼን ያዝኩ። ሰማያዊው አልመጣም። ዴስክቶፑ ተከፈተ፤ ፔሮሉ እዚያው ተቀምጧል፤ ጳጉሜኑም በግራ በኩል እንደተገፋ ነው። ስንት ነው አልኩት፤ ሁለት ዶላር አለኝ። የሱቁ ወጣት ለፎርማቱ የጠራብኝ 25 ነበር። ጨምሬ ልላክለት ብል «ማያ፣ ማያ» ብሎ እምቢ አለ፤ «ዛሬ የሳቅኩት ራሱ ይበቃኛል።» የእንግሊዝ ማቀያየሪያ ግን በግድ ሸጠልኝ።

ከመሰናበታችን በፊት የሙያውን ሥርዓት አደረገ። ባትሪ የተቀየረበት ቀን ከሥር ይጻፋል፤ ቀጥሎ የሚከፍተው ጠጋኝ ዕድሜዋን እንዲያውቅ ነው። ትንሽ ወረቀት ቆርጦ ሆዱ ላይ ለጠፈና 15/9/18 ብሎ ጻፈ። እኔ ደግሞ ቤት ገብቼ ልማድ አላስቀምጥ አለኝ፤ ከሥሩ 5/1/11 ብዬ ጨመርኩ፤ መስከረም 5 ነውና።

አንድ ቀን ይህን ላፕቶፕ የሚከፍት የማላውቀው ጠጋኝ ሁለቱን ቀኖች ያያል። አንዴ በ2011፣ አንዴ በ2018 ተቀይራለች ብሎ ያሰላል፤ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር። ከዚያ ያቺን የሳንቲም ባትሪ በሁለት ጣቱ ይዞ እያገላበጠ፣ «ዋላሂ፣ የድሮ ዕቃ!» ይላል።